በደን ደሴቶች ወለል የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት

የትምህርቱ ዓላማ

ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲፈጽሙ፦
ሀ. የምንባቡን ዋና ሐሳብ በራሳቸው አነጋገር ይገልጻሉ፤
ለ. ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዙ ቃላትን ለይተው በዐረፍተ ነገር ያገለግሉባቸዋል፤
ሐ. ያዩትንና የሞከሩትን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ዘገባ ይጽፋሉ።

ከንባብ በፊት

1. ደሴት ማለት ምን ማለት ነው? በውኃ ያልተከበበ ደሴት ሊኖር ይችላልን?
2. በደን ውስጥ ቅጠል በየዓመቱ ይረግፋል። ታዲያ ለምን እየተቆለለ ሄዶ ዛፉን አይቀብረውም?

ምንባብ

1. ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚጓዝ መንገደኛ በግራና በቀኙ የሚያየው በአብዛኛው የታረሰ መሬት ነው። የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ ማሳ ከማሳ ጋር እየተያያዘ እስከ አድማስ ይዘልቃል። በዚህ ሰፊ እርሻ መካከል ግን እዚህም እዚያም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነገር ብቅ ይላል። መንገደኛው ወደዚያ ቢጠጋ በጽድና በወይራ ተከቦ የቆመ ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ደጋው በየዘመኑ ሲመነጠርና ሲታረስ፣ በብዙ ስፍራ ከጥንቱ ደን የተረፈው ይኸው የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ብቻ ነው። ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ቦታ የደን ደሴት ይሉታል፤ ደሴት በውኃ እንደሚከበብ ይህም በእርሻ ተከቦ ከመሰሎቹ ተለይቶ ይኖራልና።

2. ስለ ደን ደሴቶች በተነገረ ቁጥር በመጀመሪያ የሚታሰቡት ረጃጅሞቹ ዛፎች ናቸው። ሆኖም ዛፉን ደግፎ ያቆመውና የሚመግበው አፈሩ ነው። አፈሩ ለም ሆኖ እንዲኖር ከሚያደርጉት መካከል ደግሞ በረገፈው ቅጠል ሥር የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ከሰናፍጭ ቅንጣት የማይበልጡ ፍጥረታት ይገኛሉ። ደን ይጠበቅ ሲባል እነርሱም አብረው ካልተጠበቁ፣ ዛፉ ለጊዜው ቢቆም እንኳ የሚተካው ችግኝ ለማግኘት ይቸገራል። ይህ ምንባብ የእነዚህን ፍጥረታት ማንነትና ሥራ፣ እንዲሁም በደሴት ላይ ሲኖሩ የሚደርስባቸውን አደጋ ያስረዳል።

3. ፍጥረታቱ በእንስሳት አመዳደብ አርትሮፖዳ ከተባለው ታላቅ ክፍል ይገባሉ። የዚህ ክፍል ወገን የሆነ እንስሳ የጀርባ አጥንት የለውም፤ አካሉን ከውጭ የሚሸፍን ቅርፊት አለው፤ እግሮቹም በአንጓ በአንጓ የተሠሩ ናቸው። ንብ፣ ጉንዳን፣ ምስጥ፣ ጢንዚዛ፣ ሸረሪት፣ ጊንጥ፣ መዥገር፣ አርባ እግርና ሸርጣን ሁሉ የዚሁ ወገን ናቸው። በደን አፈር ውስጥ እጅግ በዝተው የሚገኙት ግን ሁለት ዓይነቶች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በሳይንስ ስማቸው አካሪ የሚባሉት፣ ስምንት እግር ያላቸው የመዥገር ዘመዶች ናቸው። በአፈር ውስጥ የሚኖሩት አካሪዎች እንደ መዥገር ደም አይመጡም፤ ብዙዎቹ የበሰበሰ ቅጠልና ሻጋታ ይበላሉ፤ ሌሎቹም ከእነርሱ የሚያንሱትን እያደኑ ይኖራሉ። ሁለተኞቹ ኮለምቦላ የሚባሉት ባለ ስድስት እግር ፍጥረታት ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሆዳቸው ሥር ታጥፎ የሚቀመጥ፣ ሹካ የመሰለ አካል አላቸው። ጠላት ሲመጣባቸው ይህንኑ ሹካ በኀይል ዘርግተው መሬቱን በመምታት ይስፈነጠራሉ።

4. የሁለቱም ዓይነት ፍጥረታት ቁመት በአብዛኛው ከ2 ሚሊሜትር አይበልጥም። ቁጥራቸው ግን ያስደንቃል። በአንድ ካሬ ሜትር የደን ወለል ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አካሪዎችና ኮለምቦላዎች ሊገኙ ይችላሉ። ዕድሜያቸውም ረጅም ነው። በስኮትላንድ አገር ራይኒ በተባለ ስፍራ ከድንጋይ ጋር ድንጋይ ሆኖ የተገኘ የኮለምቦላ ቅሪት 400 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንዳስቆጠረ ተረጋግጧል። ስለዚህ እነዚህ ፍጥረታት አበባ የሚያወጣ ተክል በምድር ላይ ከመታየቱ አስቀድሞ አፈር ሲያለሙ ኖረዋል ማለት ነው።

5. ሥራቸው እንዲህ ነው። የጽድ፣ የወይራ ወይም የዋንዛ ቅጠል ሲረግፍ ዛፉ ከአፈር የወሰደውን ምግብ ከፊል ይዞ ይወድቃል። ይህ ምግብ በቅጠሉ ውስጥ ተቆልፎ ስለሚቀመጥ የዛፉ ሥር ሊመጠው አይችልም። ቁልፉን የሚከፍቱት የወለሉ ነዋሪዎች ናቸው። በመጀመሪያ ብዙ እግር ያላቸው ትል መሰሎች፣ ጢንዚዛዎችና እጮቻቸው ቅጠሉን ይቆራርጣሉ። ቀጥለው አካሪዎችና ኮለምቦላዎች ቁርጥራጩን ይበልጥ ያደቁታል፤ ከሆዳቸው የሚወጣው ኩስም ለባክቴሪያና ለሻጋታ ምቹ መኖሪያ ይሆናል። በመጨረሻም ባክቴሪያና ሻጋታ የቀረውን አፍርሰው ናይትሮጂንን፣ ፎስፎረስንና ሌሎችን ንጥረ ነገሮች ሥር ሊመጣቸው በሚችልበት መልክ ይለቃሉ። ኮለምቦላዎች ሻጋታውን እየጋጡ ያረጀውን በአዲስ እንዲተካ ያደርጋሉ፤ የሻጋታውንም ዘር በአካላቸው ተሸክመው ከስፍራ ወደ ስፍራ ያደርሳሉ። ጉንዳን፣ ምስጥና ጢንዚዛ ደግሞ አፈሩን እየሰረሰሩ አየርና የዝናብ ውኃ የሚገባበትን መንገድ ይከፍታሉ። በአንድ እፍኝ ቅጠል ውስጥ ቆራጭ፣ አድቃቂ፣ ተሸካሚና ቆፋሪ ሁሉ ይገኛል ማለት ነው።

6. እነዚህ ፍጥረታት ብርቱ ቢሆኑም አንድ ድካም አለባቸው። አብዛኞቹ እርጥበት ያጡ እንደ ሆነ በቶሎ ይሞታሉ። ይህን ጠባያቸውን በማስተዋል ጣልያናዊው የነፍሳት ሊቅ አንቶኒዮ ቤርሌዝ በ1905 እ.ኤ.አ. ቀላል መሣሪያ ሠራ። ቅጠልና አፈር በወንፊት ላይ አድርጎ ሲያሞቀው በውስጡ ያሉት ፍጥረታት ከሙቀቱና ከድርቀቱ እየሸሹ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ከወንፊቱም ሥር በተቀመጠው ዕቃ ውስጥ ይወድቃሉ። ዛሬም በዓለም ዙሪያ የአፈር ፍጥረታት የሚሰበሰቡት ይህንኑ በመሰለ መሣሪያ ነው። መሣሪያው የሚያሳየን ሌላም ነገር አለ። ከኅዳር እስከ ግንቦት ፀሐይ የሚያነድደው የታረሰ ማሳ፣ ጥላና ቅጠል የሌለበት በመሆኑ፣ ለአንድ ኮለምቦላ እንደ ቤርሌዝ ወንፊት ነው። እኛ በአሥር ደቂቃ በእግር የምናቋርጠው እርሻ ለእርሱ ባሕር ነው።

7. እውነተኛው ባሕር የከበባቸው ደሴቶችስ ምን ያስተምሩናል? በ1883 እ.ኤ.አ. በጃቫና በሱማትራ መካከል የምትገኘው የክራካታው ደሴት በእሳተ ገሞራ ፈነዳች፤ የተረፈውም ክፍል በትኩስ ዐመድ ተቀበረ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ኤድሞን ኮቶ የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥ ወደዚያ ሄዶ ቢፈልግ ያገኘው ሕያው ፍጥረት አንዲት ትንሽ ሸረሪት ብቻ ነበረች። ጥቃቅን ሸረሪቶች ድር ፈትለው በነፋስ ይጓዛሉና፣ ከብዙ ፍጥረታት ቀድመው መድረሳቸው አያስደንቅም። ኮለምቦላዎችና አካሪዎችም አንዳንዶቹ በነፋስ፣ አንዳንዶቹም በውኃ ላይ እየተንሳፈፉ ወደ ደሴት ይደርሳሉ።

8. በ1966 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ሲምበርሎፍና ኤድዋርድ ዊልሰን የተባሉ አሜሪካውያን በፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ታላቅ ሙከራ ጀመሩ። ስድስት ትናንሽ የዛፍ ደሴቶችን በድንኳን ሸፍነው በውስጣቸው ያሉትን ነፍሳትና ሸረሪቶች በመርዝ ጢስ አጠፉ። ከዚያም ማን መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ እየቆጠሩ መዘገቡ። ዓመት ሳይሞላ በአብዛኞቹ ደሴቶች ላይ የዓይነቶቹ ቁጥር ወደ ቀድሞው ተጠጋ፤ እጅግ ርቃ የምትገኘው ደሴት ግን ወደ ኋላ ቀረች። ቁጥሩ ቢመለስም የተመለሱት ሁሉ የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች አልነበሩም። ሙከራው ዊልሰን ከሮበርት ማክአርተር ጋር በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳውን ሕግ የሚደግፍ ሆነ። ሕጉም ደሴት ባነሰችና ከሌላው ምድር በራቀች መጠን የምትይዛቸው የፍጥረታት ዓይነቶች ያንሳሉ የሚል ነው።

9. የወለሉ ሠራተኞች ሲጠፉ ምን እንደሚከተል ደግሞ በሕንድ ውቅያኖስ የምትገኘው የክሪስማስ ደሴት ታሳያለች። በዚያ ደሴት የረገፈውን ቅጠልና የበቀለውን ችግኝ የሚበላ ቀይ የምድር ሸርጣን በብዛት ይኖራል። ሰዎች ሳያውቁ በመርከብ ያመጡት ቢጫ ጉንዳን ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ እጅግ ተራብቶ ሸርጣኖቹን በሚሊዮኖች ገደለ። ሸርጣኑ በጠፋበት ስፍራ ቅጠሉ ተከመረ፤ ባዶ የነበረውም ወለል በችግኝ ተጨናነቀ። ከዚህም የተነሣ የደኑ መልክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተለወጠ።

10. ከእነዚህ ሩቅ ደሴቶች ወደ አገራችን ስንመለስ ሦስት ዓይነት ደሴቶች እናገኛለን። የመጀመሪያዎቹ ከጎንደር በስተደቡብ በጣና ሐይቅ ላይ ያሉት ደቅን፣ ዳጋ እስጢፋኖስንና ክብራን ገብርኤልን የመሳሰሉት ናቸው። ሁለተኞቹ ቀደም ብለን የጠቀስናቸው የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ደኖች ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ጥቂት ሄክታር ብቻ ናቸው። በጎንደር ከተማ የሚኖር ተማሪም ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቢሄድ ዐሥራ ሁለት ግንቦች ባሉት የድንጋይ ቅጥር ውስጥ ያረጁ ጽዶችና ወይራዎች ቆመው ያያል። ይህም በከተማ መካከል ያለ ትንሽ ደሴት ነው።

11. ሦስተኛው ዓይነት ደሴት የሰሜን ተራሮች ናቸው። ራስ ዳሽን ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። ከአስታው ደን በላይ ጓሳና ጅብራ የሚበቅሉበት ብርዳማ አምባ፣ በቆላና በጥልቅ ሸለቆ ተከቦ ከሌሎቹ ከፍተኛ ተራሮች ተለይቷል። ለብርድ የተፈጠረ ፍጥረት ሙቀቱን አልፎ ወደ ባሌ ተራሮች ለመሻገር አይቻለውምና፣ ቆላው ለእርሱ ባሕር ሆኖበታል። እንግሊዛዊው የነፍሳት ሊቅ ሂው ስኮት በ1908 እና በ1909 እ.ኤ.አ. በሲሸልስ ደሴቶች ነፍሳትን ሲሰበስብ ከቆየ በኋላ፣ በ1952 እና በ1953 እ.ኤ.አ. ወደ ሰሜን ተራሮች መጥቶ ተመሳሳይ ጥናት አካሂዷል። የሰሜን ብሔራዊ ፓርክም በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በዚያው ዓመት አብረውት ከተመዘገቡት አንዱ የጋላፓጎስ ደሴቶች ነበሩ።

12. በደሴትና በከፍተኛ ተራራ ላይ የሚኖሩ ነፍሳት አንድ የጋራ ጠባይ ይታይባቸዋል፤ ብዙዎቹ መብረር አይችሉም። ቻርልስ ዳርዊን በማዴራ ደሴቶች ከሚታወቁት 550 የጢንዚዛ ዓይነቶች 200ዎቹ ለመብረር የሚበቃ ክንፍ እንደሌላቸው ጠቅሶ፣ የሚበርረውን ነፋስ ወደ ባሕር ስለሚወስደው የማይበርረው ተርፎ መራባቱን አስረድቷል። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮችም ከድንጋይና ከሣር ሥር የሚኖሩ ክንፍ አልባ ጢንዚዛዎች አሉ። መብረር የማይችል ፍጥረት ቤቱ ሲፈርስበት ወደ ሌላ ስፍራ መሸሽ አይሆንለትም። በዚያም ላይ በሰሜን ተራሮች ጭላዳ የሚግጠው ሣር፣ ቀይ ቀበሮ የሚያድነውም አይጥ የሚመገበው ተክል፣ ሁሉም የሚበቅሉት እነዚህ ጥቃቅን ፍጥረታት ከሚያለሙት ስስ አፈር ላይ ነው።

13. በደን ደሴቶች ላይ ያለው አደጋ ከመጥረቢያ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከብት ወደ ደኑ ሲገባ ችግኙን ይበላል፤ በኮቴውም አፈሩን እየረገጠ ያጠብቀዋል። አፈሩ ሲጠብቅ በውስጡ የነበረው ክፍተት ይጠፋል፤ ነዋሪዎቹም መተላለፊያና አየር ያጣሉ። የረገፈው ቅጠል ለማገዶ ሲሰበሰብ ወይም ግቢው ይጽዳ ተብሎ በየጊዜው ሲጠረግ ደግሞ ወለሉ ራቁቱን ይቀራል፤ ፀሐይም ያደርቀዋል። በአገር በቀሉ ዛፍ ፈንታ ባሕር ዛፍ ብቻ ሲተከል ወለሉን የሚሸፍነው ዘይታማና ጠንካራ ቅጠል ለብዙዎቹ የአፈር ነዋሪዎች የሚስማማ ምግብ አይደለም። እነዚህ ሁሉ ሲደርሱ ዛፎቹ ለብዙ ዓመታት ቆመው ሊታዩ ይችላሉ። ተመልካችም ደኑ ደኅና ነው ይላል። ነገር ግን ሽማግሌ ብቻ የቀረበትና ልጅ የማይወለድበት መንደር እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ችግኝ የሌለው ደንም ውሎ አድሮ መጥፋቱ አይቀርም።

14. መድኃኒቱ ከአቅም በላይ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በማጥናት በ2007 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር በቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ከብት በሚገባበት ደን ውስጥ ችግኝ ለመብቀልና ለማደግ እንደሚቸገር በጥናታቸው አሳይተዋል። እርሳቸውና አሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ዶክተር ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር በመተባበር በበርካታ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ ከአጎራባች ማሳ ስለሚለቀም ገበሬውም መሬቱ ይጠራለታል። ከብቱ ከውጭ ሲቀር ቅጠሉ በስፍራው ይበሰብሳል፤ እርጥበቱም ይቆያል፤ ችግኙም ያድጋል። በካቡና በጥንታዊው ደን መካከል አገር በቀል ዛፍ ሲተከል ደግሞ ደሴቲቱ ትሰፋለች። ደሴት በሰፋች መጠን ብዙ ዓይነት ፍጥረታትን እንደምትይዝ ከፍሎሪዳው ሙከራ ጋር ተያይዞ የተጠቀሰው ሕግ አስረድቶናል።

15. አባቶቻችን እነዚህን ደኖች ያቆዩልን የኮለምቦላን ስም ስላወቁ አይደለም፤ ስፍራውን ስላከበሩ ነው። ዛሬ ግን ሕዝቡ ስለ በዛና እርሻው እስከ ቅጥሩ ስለ ደረሰ፣ ማክበር ከማወቅ ጋር መተባበር ይኖርበታል። ደን መጠበቅ ማለት ዛፍ አለመቁረጥ ብቻ አይደለም፤ ከዛፉ ሥር ያለውን የቅጠል ንጣፍ በስፍራው መተውም ነው። ያ ንጣፍ ለዐይን ቆሻሻ ቢመስልም ለነገው ዛፍ ስንቅ ነው።

የቃላት ፍች

ዐጸድ — በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚገኝ ዛፍ ያለበት ቅጥር ግቢ
አድማስ — ሰማይና ምድር የተጋጠሙ የሚመስሉበት ሩቅ ዳር
አንጓ — የእግር፣ የአገዳ ወይም የሌላ ነገር መጋጠሚያ
እጭ — ከእንቁላል ተፈልፍሎ ገና ሙሉ መልኩን ያልያዘ የነፍሳት ልጅ
ቅሪት — ከጥንት ነገር ተርፎ የተገኘ
ካብ — ያለ ጭቃ የተደረደረ የድንጋይ አጥር
አገር በቀል — ከውጭ ያልመጣ፣ በአገሩ የተገኘ
ስንቅ — ለመንገድ ወይም ለወደፊት የሚያዝ ምግብ

የምንባብ ጥያቄዎች

1. የቤተ ክርስቲያን ደን "ደሴት" የተባለበትን ምክንያት ግለጹ።
2. የረገፈ ቅጠል ለዛፉ ሥር ምግብ እስኪሆን ድረስ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ዘርዝሩ።
3. የታረሰ ማሳ ለኮለምቦላ "ባሕር" የሚሆነው እንዴት ነው? ከቤርሌዝ መሣሪያ ጋር አያይዛችሁ አስረዱ።
4. ከፍሎሪዳው ሙከራ የተገኘው ትምህርት ትንንሾቹን የቤተ ክርስቲያን ደኖች የሚመለከተው በምን መንገድ ነው?
5. በአንቀጽ 13 ደኑ ከምን ጋር ተመሳስሏል? ንጽጽሩ ተስማሚ ነው ትላላችሁን? ምክንያታችሁን ስጡ።
6. የአንቀጽ 15ን ዋና ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

ሰዋስው፦ ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዙ ቃላት

አንድ ነገር ሲደረግ ያስደረገው ምክንያት፣ የተከተለውም ደግሞ ውጤት ይባላል። በአማርኛ ሁለቱን ለማያያዝ ከምናገለግልባቸው መንገዶች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. "ስለ"። ይህ ቃል በግሥ ላይ ሲጨመር ምክንያትን ያሳያል።
ምሳሌ፦ ድንጋዩ ከአጎራባች ማሳ ስለሚለቀም ገበሬውም መሬቱ ይጠራለታል።
በስም ላይ ሲጨመር ግን ብዙውን ጊዜ የሚነገርለትን ነገር ያመለክታል።
ምሳሌ፦ ስለ ደን ደሴቶች በተነገረ ቁጥር በመጀመሪያ የሚታሰቡት ረጃጅሞቹ ዛፎች ናቸው።

ለ. "ና"። በስሞች መካከል ሲገባ ያጣምራል፤ "አካሪና ኮለምቦላ" እንደሚባለው። በማሠሪያ ግሥ መጨረሻ ላይ ሲጨመር ግን ምክንያትን ይገልጻል።
ምሳሌ፦ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ቦታ የደን ደሴት ይሉታል፤ ደሴት በውኃ እንደሚከበብ ይህም በእርሻ ተከቦ ከመሰሎቹ ተለይቶ ይኖራልና።

ሐ. "ስለዚህ"፣ "በመሆኑም"፣ "ከዚህም የተነሣ"። እነዚህ ምክንያቱ በቀደመው ዐረፍተ ነገር ከተነገረ በኋላ ውጤቱን ለመጀመር ያገለግላሉ።
ምሳሌ፦ ከዚህም የተነሣ የደኑ መልክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተለወጠ።

ማስጠንቀቂያ፦ ምክንያትና ዓላማ አይምታታባችሁ። "ከብት ስለ ገባ ችግኙ ጠፋ" ስንል የተደረገውን ነገር ምክንያት እንናገራለን። "ከብት እንዳይገባ ካብ ሠሩ" ስንል ግን ሠሪዎቹ ያሰቡትን ዓላማ እንናገራለን።

መልመጃ 1. ከዚህ በታች ያሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች በቅንፍ ውስጥ በተሰጠው ቃል አያይዛችሁ እንደገና ጻፉ።
1. ቅጠሉ ተጠረገ። የአፈሩ እርጥበት ደረቀ። (ስለ)
2. ጢንዚዛው መብረር አይችልም። ወደ ሌላ ተራራ አይሻገርም። (በመሆኑም)
3. ሸረሪቷ ከሌሎች ቀድማ ደረሰች። በነፋስ ትጓዛለች። (ና)
4. ደሴቲቱ ትንሽና ሩቅ ናት። የምትይዛቸው ዓይነቶች ጥቂት ናቸው። (ስለዚህ)
5. ኮቴ አፈሩን አጠበቀው። ውኃው ወደ ውስጥ መስረግ ተሳነው። (ከዚህም የተነሣ)

መልመጃ 2. ከአንቀጽ 11 እና ከአንቀጽ 12 ምክንያትን የሚገልጹ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ምክንያቱንና ውጤቱን ለይታችሁ አመልክቱ።

ድርሰት፦ የሙከራ ዘገባ

ዘገባ ያዩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ የሚያስረዱበት የጽሑፍ ዓይነት ነው። ጥሩ ዘገባ የሙከራውን ዓላማ፣ የተሠራበትን ዕቃ፣ የአሠራሩን ቅደም ተከተል፣ የታየውን ነገርና ከዚያ የተገኘውን መደምደሚያ ይይዛል። ጸሐፊው "አየሁ" የሚለውንና "ይመስለኛል" የሚለውን ለይቶ መጻፍ ይኖርበታል።

በአምስት በአምስት ተማሪ ተቧድናችሁ የሚከተለውን ሙከራ አድርጉ። ከአንድ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ አናቱን ቆርጣችሁ በቀሪው ጠርሙስ ላይ አፉን ወደ ታች ገልብጣችሁ አስቀምጡ። በአንገቱ ላይ ቀዳዳው ሰፋ ያለ የሽቦ ወንፊት አድርጉ። ከጠርሙሱ ግርጌ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ። ከዚያም አንድ እፍኝ የረገፈ ቅጠል ከነአፈሩ በወንፊቱ ላይ አድርጋችሁ በፀሐይ ወይም በመብራት ሥር አንድ ቀን አቆዩት። ወደ ጨርቁ የወረዱትን ፍጥረታት በአጉሊ መነጽር እያያችሁ እግራቸውን ቁጠሩ፤ የሚዘለውንና የማይዘለውን ለዩ። ሙከራውን ሁለት ጊዜ ሥሩ፤ አንድ ጊዜ ዛፍ ካለበት ስፍራ በመጣ ቅጠልና አፈር፣ ሌላ ጊዜ ከተራቆተ መሬት በመጣ አፈር። ከቤተ ክርስቲያን ዐጸድ የምትወስዱ ከሆነ በቅድሚያ ካህናቱን አስፈቅዱ። ሙከራው ሲያልቅም ፍጥረታቱን ወደ ስፍራቸው መልሱ።

ከሙከራው በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ ሁለቱን ውጤቶች የሚያነጻጽር ከ25 እስከ 30 መስመር የሚደርስ ዘገባ ይጻፍ። በዘገባው ውስጥ ከላይ ከተማራችኋቸው አያያዥ ቃላት ቢያንስ አራቱን አገልግሉባቸው።